የነፊሳ ቅዳሜ

ነፊሳ ሰው ፊት ቆማ የዋሸችበት ቀን ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። ሠላሳ አምስት ዓመት የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ሆና ለኖረች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዓርብ አመሻሽ ላይ ግን፣ መስቀል ፍላወር ጀርባ በተከራዩት ግቢ በር ላይ ቆማ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር የባሏን የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ዋሸችው።

"ጋሽ አረጋዊ፣ ሐኪሙ ተሽሎታል ብሏል" አለችው። "ነገ ሂድና ጥለቅ። አንተ ከቀረህ እሱ ነው የሚናደደው።"

አረጋዊ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ትንሽ አያት። ከዚያ "እሺ ነፊሳዬ" ብሎ ወደ ቢሾፍቱ ሄደ።

ሐኪሙ ያለው ሌላ ነበር። የባሏ የዓብዱሰላም ልብ ደክሟል፣ የቀሩት ጥቂት ቀናት ናቸው ነው ያለው። ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ተኝቶ፣ አፍና አፍንጫው በኦክሲጅን ጭምብል እንደተሸፈነ፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ለነፊሳ አሳያት። ነርሷ ደስ ብሏት "ጎበዝ አባባ፣ ደህና ነኝ እያሉ ነው" አለች። ነፊሳ ግን የነጋዴ ብቻ ሳይሆን የጠላቂም ሚስት ናት። በጠላቂዎች የእጅ ምልክት አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀሰር ደህና ነኝ ማለት አይደለም፤ ልውጣ ማለት ነው። የዚያኑ ቀን ፈርማ ቤቱ አስገባችው። የሐኪሙን ቃል የሚያውቁት እሷና ልጇ ጠልሐ ብቻ ነበሩ።

አረጋዊን የዋሸችበት ምክንያት አንድ ነው። ቅዳሜዋን ፈለገች። ባሏ ከመሞቱ በፊት፣ ያ ረጅም ሰውዬ ራስጌው ላይ ሳይገተር፣ አንዲት ቅዳሜ ጠዋት ለብቻዋ እንድትኖራት ፈለገች።

ይህን ክፉ ሴትነት ነው የሚል ካለ የሠላሳ ዓመቱን ጉድ መስማት አለበት።

አረጋዊ በወጣትነቱ ምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር። ባሕር ኃይሉ ሲፈርስ አንድ የእንጨት ሳጥን ተሸክሞ ካዛንቺስ እናቱ ቤት ገባ። ባሕር የሌለው አገር ውስጥ ጠላቂን ማን ይቀጥራል? በመጨረሻ እዚያው ካዛንቺስ አንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳውን እንዲጠብቅ ቀጠረው። ዓብዱሰላም ደግሞ ለገሃር የጨርቅ ሱቅ ነበረው። በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ለሆቴሉ የመጋረጃ ናሙና ይዞ ሲሄድ በገንዳው በኩል አለፈ። ውሃው ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ተረጋግቶ ሸክላውን በብሩሽ ይፈትጋል። አረፋው ብቻ እየተንደቀደቀ ወደ ላይ ይመጣል። ዓብዱሰላም ናሙናውን እንደታቀፈ አርባ ደቂቃ ቆመ። ሰውዬው ሲወጣ ይህን ለመማር ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠየቀው፤ ነጋዴ ነውና መጀመሪያ የመጣለት እሱ ነው። አረጋዊም ዋጋ እንደሌለው ነግሮት፣ ዋና ትችላለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ዓብዱሰላም አይችልም። የወሎ ልጅ ነው፤ ብዙ ውሃ የሚያውቀው በእንስራ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓብዱሰላም ሐሙስ ሐሙስ ጸጉሩ ርሶ፣ በረኪና በረኪና እየሸተተ ቤቱ ይገባ ጀመር። ነፊሳ ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ናት፤ ባል ጸጉሩ ርሶ ሲገባ የምትጠረጥረው የታወቀ ነው። አንድ ሐሙስ ነጠላዋን ተከናንባ ተከተለችው። ሆቴሉ ድረስ ሄዳ፣ ጥበቃውን ተቆጥታ አልፋ፣ ገንዳው ጫፍ ደረሰች። ባሏ ከአንድ ወንድ ጋር ውሃ ስር ተቀምጦ እጁን እያወዛወዘ ያወራል። "ሴት ብትሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር" ትላለች ይህን ስታወራ። "ሴት ትሰለቻለች። ውሃ አይሰለችም።"

አልሰለቸም። በወር ሁለት ቅዳሜ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ይሄዳሉ። የቀሩት ሁለት ቅዳሜዎች ደግሞ ስለ ሄዱባቸው ቅዳሜዎች በማውራት ያልቃሉ። ጥቁሩ የላስቲክ ልብስ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲወዛወዝ ያየች ጎረቤት ሰው ተሰቅሏል ብላ ጮሃ መንደር ሰብስባለች። የአየሩ ሲሊንደር መኝታ ቤት ጥግ ይቆማል፤ ያዩት ሴቶች ሁሉ ነፊሳን የት ነው ጋዝ የምታስሞይው እያሉ ይጠይቋታል። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለቱ በባቡር ጅቡቲ ሄደው እውነተኛ ባሕር ጠልቀው ተመልሰዋል። ሰው ጅቡቲ ሄዶ ሽቶ ያመጣል። እነሱ አንድ ስላዩት ዓሣ የስድስት ዓመት ወሬ አመጡ።

ነፊሳ እዚያ ጭቃ ውሃ ውስጥ ምን አለ ብላ ባሏን የጠየቀችው አንዴ ነው። "እዚያ ዋጋ የሚጠይቀኝ የለም" አላት። ቀኑን ሙሉ ለገሃር ሲከራከር የሚውል ሰው ነውና ገባት። ቢገባትም ቅዳሜዋ ቅዳሜዋ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ ማደሩ ነው። ሰው ውሃ ስር በጥልቀት ሲቆይ የሚተነፍሰው አየር በግፊት ደሙ ውስጥ ይሰርጋል። ከወጣ በኋላ ቶሎ ወደ ከፍታ ቦታ ከሄደ ያ አየር መገጣጠሚያው ውስጥ አረፋ ይሆንበታል፤ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ዓብዱሰላም ይህን ለእንግዳ ሲያስረዳ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ነቅንቆ ይከፍትና ጠረጴዛውን ያበሰብሰዋል፤ የምታደርቀው ነፊሳ ናት። ባሕር ዳር የሚኖር ጠላቂ በዚህ ብዙ አይጨነቅም። የአዲስ አበባ ጠላቂ ግን ቤቱ ተራራ ላይ ነው፤ ከቢሾፍቱ ወደ ቤቱ ለመመለስ አምስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለበት። ስለዚህ ከጠለቁ በኋላ እዚያው ያድራሉ። ይህንን ቆይታ ይሉታል። ቅዳሜ ጠልቆ እሑድ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ መውጣት ነው፤ ከዚያ በፊት ንጉሥ ቢጠራም አይወጣም።

እንግዲህ ነፊሳ አረጋዊን ስትሸኘው የማይመለስበትን ሰዓት አሳምራ ታውቃለች ማለት ነው። ያላወቀችው የባሏን ሰዓት ነው።

ዓብዱሰላም ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ራሱ የነፊሳ ክንድ ላይ እንዳለ፣ ሳይጨነቅ ሞተ። ነፊሳ ዓይኑን ከደነች፤ አገጩን በመሐረብ አሰረች፤ ጠልሐን ጠራች። ጠልሐ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ካዛንቺስ አንድ ባንክ ውስጥ ይሠራል። እንደ ሕፃን አለቀሰና ወዲያው እንደ ትልቅ ሰው ተነስቶ ሼኹ ጋ፣ እድሩ ጋ ይደውል ጀመር። እሷ ደግሞ አረጋዊ ጋ ደወለች።

ስልኩን ያነሳችው ሀብትነሽ ናት። ሀብትነሽ ሐይቁ ዳር ሦስት ክፍል ለእንግዳ የምታከራይ ጠንካራ ሴት ናት። ሁለቱ ሲጠልቁ ከወገባቸው የታሰረውን ገመድ ዳር ሆና የምትይዘው እሷ ነች።

"ውሃ ውስጥ ነው" አለቻት። "ሁለተኛውን ገብቷል። ገመዱን ይዤ ነው የማወራሽ። በገመዱ ልጥራው?"

"አይ፣ እንዳትጠሪው" አለች ነፊሳ። "በራሱ ጊዜ ይውጣ።"

ተቻኩሎ የሚወጣ ጠላቂ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ስልኩን አልዘጋችም። ከጎኗ ባሏ እየቀዘቀዘ፣ በጆሮዋ የሐይቁን ወፎችና የሀብትነሽን ትንፋሽ እየሰማች ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቀች። ሀብትነሽ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። ገብቷታል።

በመጨረሻ የውሃ መንቦጫረቅ ተሰማና አረጋዊ ስልኩን ተቀበለ። ነገረችው። እሱም ልብሱን ቀይሮ መኪናውን እንደሚያስነሳና ከቀትሩ የዝሁር ሶላት በፊት እንደሚደርስ ተናገረ።

"ስንት ሜትር ገባህ?" አለችው።

"ሠላሳ አምስት።"

"ሁለቱንም ጊዜ?"

"ሁለቱንም።"

"እንግዲያው አትመጣም።"

"እመጣለሁ፣ ነፊሳዬ" አለ። "እሱ ለእናቴ መጥቷል።"

ነፊሳ የትኛውን ቀን እንደሚል ታውቃለች። ካዛንቺስ ሁሉ ዓብዱሰላም የሚያነክሰው ከሱቅ መሰላል ወድቆ እንደሆነ ነው የሚያውቀው። ራሱ ነው እንዲያ ያወራው። እውነቱ ሌላ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት አረጋዊ የታመመች እናቱን ሊያስታምም ቀርቶ፣ ዓብዱሰላም ብቻውን ቢሾፍቱ ሄዶ ነበር። ከሐይቁ በወጣ በሰዓቱ እናትየው ማረፏን ሰማ። ቆይታ የለ፣ ምን የለ፣ እየነዳ መጣና ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ድረስ ቃሬዛውን ከፊት በግራ በኩል ተሸከመ። የዚያን ዕለት ማታ ዳሌው ያዘው፤ ከዚያ ወዲያ ደህና ሆኖ አልተራመደም። ምክንያቱን ለሰው ያልተናገረው አረጋዊ እንዳያፍር ብሎ ነው። አረጋዊ ግን ያውቃል። ያንን ዳሌ ሃያ ሁለት ዓመት በቅባት ስታሽ የኖረችው ነፊሳም ታውቃለች።

"አንድ ሰዓት ስጠኝ" አለችው። "እስክደውልልህ ድረስ መኪናዋን እንዳትነካት። በእናትህ።"

በእናቱ ከተባለ አረጋዊ ምንም ማድረግ አይችልም። አንድ ሰዓት ሰጣት። አንድ ሰዓት ካለፈ ግን እንደሚነሳ ታውቃለች። ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ወንድሜ የሚለው አንድ ሰው ነበረው፣ እሱም ይኸው። ከመጣ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ካልመጣ ወንድሙን ሳይቀብር የቀረ ሰው ሆኖ ይኖራል። ከሁለቱ መሀል ያቆመችው ደግሞ እሷው ናት። ነፊሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አፈረች። ሐዘኑ ገና አልደረሰባትም፤ ቀድሞ የደረሰባት እፍረቱ ነበር።

ደጁ ላይ የእድሩ ድንኳን መተከል ጀምሯል። የካዛንቺስ ሰፈራቸው ፈርሶ ሰው በየአቅጣጫው ከተበተነ ወዲህ እድሩ ራሱ በስልክ የሚኖር እድር ሆኗል፤ ያም ሆኖ አንዱ ከገላን፣ አንዱ ከአያት እየተንጠባጠበ እየመጣ ነው። ነፊሳ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ ወንዶቹ ወዳሉበት ወጣች። ባሏ በሞተ በሰዓቱ እንዲህ ስትወጣ ያዩ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። እሷ አላየቻቸውም። ሼኹ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረመስቀልና ጠልሐ ቆመው ስለ መኪና ይነጋገራሉ። ዝሁር ተሰግዶበት ኮልፌ ሊቀበር ወስነዋል።

ነፊሳ ቀብሩ እስከ እሑድ ጠዋት እንዲቆይላት ለመነች። ሼኹ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ግን ጀናዛ ያለ ችግር ሳይቀበር አያድርም፣ መፋጠን የሟቹ መብት ነው ብለው መለሱላት። ለምን እንደፈለገችው ሲጠይቋት አረጋዊ እንዲደርስ ብላ ተናገረች።

ጠልሐ ፊቱ ተለወጠ።

"እማ፣ በቃ ተይው" አለ። "ማለቴ፣ አባቴ አልጋ ላይ ሳለ ሊዋኝ የሄደ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን ቅዳሜ ቅዳሜ ሲወስደው የኖረ ሰው ለቀብሩ እንለምነው? ከቢሾፍቱ እዚህ አንድ ሰዓት ነው። መምጣት ከፈለገ ይምጣ።"

ጋሽ ገብረመስቀልም ነገሩ አልገባቸውም። ስንት ሚኒባስ በቀን ከቢሾፍቱ እየተመላለሰ፣ ከዚያ ወደዚህ በመምጣት የታመመ ሰው ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ነፊሳ የአምቦ ውሃውን ነገር ልታስረዳ ሞከረች፤ እንደ ባሏ አልሆነላትም። ጠርሙስም አልነበራትም። ጊዜው እየሄደ ነው። ከአንድ ሰዓቱ የቀረው ግማሹ ነው። ስለዚህ ለማንም ልትናገረው ያላሰበችውን ተናገረች።

"የላክሁት እኔ ነኝ" አለች። "ዓርብ ማታ በር ላይ ቆሜ ተሽሎታል ብዬ ዋሸሁት። ለብቻዬ ልሁን ብዬ ነው። እሱ ምንም አላጠፋም።"

ጠልሐ እናቱን አያት። ነፊሳ ከእሱ ወደ ጋሽ ገብረመስቀል ዞረች።

"ጋሼ፣ የአረጋዊ እናት የተቀበሩ ቀን አንተ ቃሬዛውን ከፊት በቀኝ በኩል ይዘህ ነበር። በግራህ ማን ነበር?"

"ዓብዱሰላም" አሉ ገብረመስቀል።

"ያን ቀን ሲያነክስ አይተኸው ነበር?"

ሽማግሌው አሰቡ። አላነከሰም ነበር። በሳልስቱ ግን በምርኩዝ ነው የመጣው። ከሱቅ መሰላል መውደቁን የሰሙትም ያኔ ነው።

"መሰላል የለም" አለች ነፊሳ። "ከሐይቁ ወጥቶ ሳይቆይ ለቀብሩ ስለ መጣ ነው። አሁን ደግሞ አረጋዊ እንዲሁ ሊያደርግ መኪናው አጠገብ ቆሟል። የያዝኩት በአንድ ሰዓት ቃል ብቻ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የአንድ ሰው ዳሌ አሽቻለሁ። ዛሬ በእኔ ውሸት ሌላ ሰው አይሰበርም።"

ጋሽ ገብረመስቀል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ነፊሳ ራሷ ምን ልትል እንደሆነ ያወቀችው ከአፏ ሲወጣ ነው።

"እሱ ሽቅብ መውጣት ካልቻለ፣ እኛ እንውረድለት። ዓብዱሰላም እዚያ ይቀበር።"

ሼኹ ጺማቸውን ያዙ። ጀናዛን ከአገር ወደ አገር ማንከራተት እንደማይወደድ አስረዱ። ከዚያ ቢሾፍቱ በፈጣኑ መንገድ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ጠየቁ። ጠልሐ አንድ ሰዓት ግድም ብሎ መለሰ።

"ከዚህ ኮልፌስ?" አሉ ሼኹ። "በቅዳሜ መጨናነቅ?"

ጠልሐ አንገቱን ደፋ። ከመስቀል ፍላወር ኮልፌ በቅዳሜ ከአንድ ሰዓት በታች ደርሼ አውቃለሁ የሚል አዲስ አበቤ ካለ እሱም ዋሽቷል።

"እንግዲህ ማንከራተት አይባልም" አሉ ሼኹ። "መሬቱ ሁሉ የአላህ ነው። ዝሁር እዚህ እንሰግድበታለን፤ የዐስር ሶላት ሳይደርስ እዚያ እናሳርፈዋለን። የቢሾፍቱን መስጊድ ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ እኔ እደውላለሁ።"

ጠልሐ ግን እናቱን ወደ ጎን ሳብ አደረጋት። እንደዚያ ከሆነ መቃብሩ ከእሷ እንደሚርቅ፣ ሲናፍቃት ሄዳ ማየት እንደማትችል አስባበት እንደሆነ ጠየቃት። ንዴቱ ወጥቶለት ነበር፤ ድምፁ ልጅ ሆኗል። ነፊሳ ጉንጩን ዳሰሰችው። ኮልፌ ቢሆንም በዓመት አንዴ ነበር የምታደርሰኝ አለችው። እውነቱን ለመናገር ግን በሕይወት እያለ ለሐይቁ ስታካፍለው ኖራ፣ አሁን ደግሞ በገዛ አፏ ጨርሳ ሰጠችው።

አንድ ሰዓቱ ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደወለች። አረጋዊ ገና ሳይጠራ አነሳው።

"ቁልፉን ለሀብትነሽ ስጣት" አለችው። "ይዘውት እየወረዱ ነው። ቢሾፍቱ ነው የሚቀበረው። መግቢያው ላይ ጠብቀው።"

ትንሽ ቆይቶ ስልኩን የያዘችው ሀብትነሽ ሆነች፤ ቁልፉን መቀበሏን፣ ሰውዬው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ መሆኑንና የሚለብሰው ጥቁር ኮት ከራሷ ባል ልብስ እንደምትፈልግለት ነገረቻት።

ዓብዱሰላም ታጠበ፣ ተከፈነ፣ ተሰገደበት። ሁለት አውቶቡስና በርካታ መኪና ሞልቶ የተበተነው ካዛንቺስ ተከትሎት ወረደ። ነፊሳ ባል የሞተባት ሴት ናትና ቤቷ ቀረች። በሩ ላይ ቆማ የመጨረሻው መኪና በመታጠፊያው እስኪሰወር ካየች በኋላ ገብታ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እሷ ዓይኗ ደረቅ ነው። አንዷ ለሌላዋ ደንግጣ ነው ስትል ሰማች። ደንግጣ አልነበረም። ከቢሾፍቱ ወሬ እየጠበቀች ነበር።

ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠልሐ ጫማው አፈር ለብሶ ተመለሰ። ከእናቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ ያየውን ነገራት። አረጋዊ ከተማው መግቢያ ላይ፣ እጅጌው ያጠረ የሰው ኮት ለብሶ፣ ቆሞ ጠበቃቸው። መኪናው ሲደርስ በሩን ራሱ ከፈተ። ከዚያ እስከ መቃብሩ ቃሬዛውን ሌላ ሰው እንዲተካው አልፈቀደም። ቀደም ብሎ ደግሞ ከቆፋሪዎቹ ጋር ሊቆፍር ዶማ ሲያነሳ፣ ጠልቆ የወጣ ሰው ከባድ ሥራ አይሠራም ብላ ሀብትነሽ ነጥቃዋለች። ስለዚህ መቃብሩ አፍ ላይ ተንበርክኮ ከሚወጣው አፈር ውስጥ ድንጋዩን አንድ በአንድ ሲለቅም ነበር። እላዩ ላይ የተመለሰው አፈር አንድ ጠጠር አልነበረውም አለ ጠልሐ።

"ደውይለት እማ" አላት። "ማለቴ፣ ዛሬ ብቻውን ነው የሚያድረው።"

ነፊሳ ስልኩን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ሲሊንደሩ ጥጉ ላይ ቆሟል፣ አልጋው ተነጥፏል። በሩን ዘግታ ደወለች። አረጋዊ እንዴት ዋልሽ፣ ትንሽ ነገር ቀመስሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ ግን ልትናገር የያዘችውን ካልተናገረች የምትቀምሰው ነገር እንደማይወርድላት ታውቃለች።

"ጋሼ፣ ዓርብ ዕለት ዋሽቼሃለሁ" አለች። "ሐኪሙ ተሽሎታል አላለም።"

"አውቃለሁ" አለ አረጋዊ።

"ምኑን ታውቃለህ?"

"ፊቱን አይቼው ነበር እኮ። ዛሬ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። በሩ ላይ ቆመሽ ሂድ ስትዪኝ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ቅዳሜሽን ወስጄብሻለሁ። አንዱን እንኳ ልመልስላት ብዬ ነው የሄድኩት። አለመጥለቅም እችል ነበር፤ ግን ስመለስ ውሃው እንዴት ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እሱን ደግሞ መዋሸት አልችልበትም።"

ነፊሳ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

"አገኘሽው ወይ?" አላት። "ቅዳሜሽን?"

"አገኘሁ" አለች። "ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት። ግማሹን ስላንተ አወራ።"

አረጋዊ ከወዲያ ማዶ ሳቀ ወይም አለቀሰ፤ በስልክ አይለይም።

"ግማሹንስ?"

"እሱ የኔ ነው፣ አልነግርህም" አለችው፤ ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፣ እሱም ስልኩን ሳይዘጋ እስክትጨርስ ጠበቃት።